በደቂቃ ሃያ

ሰው ጎረቤቱን ይጠላል፣ አማቱን ይጠላል፣ አለቃውን ይጠላል። ሲስተር ይርጋነሽ ገብረ ኪዳን የምትጠላው ቁጥር ነው፤ ሃያን። ክፍል ገብታ የተማሪ ስም ስትጠራ ተራ ቁጥር ሃያ ላይ ስትደርስ ድምጿ ይለወጣል። ተራ ቁጥር ሃያ የሆነው ልጅ ምን እንደበደላት ሳያውቅ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲሳቀቅ ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አልጋ የያዘ ታማሚ የክትትል ወረቀት አለው። ነርስ በየስድስት ሰዓቱ እየመጣ ወረቀቱ ላይ አራት ነገር ይመዘግባል፦ ሙቀት፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ ትንፋሽ። ሦስቱን በመሣሪያ ይለካቸዋል። ለትንፋሽ ግን፣ በኛ አገር ዋርድ ውስጥ፣ መሣሪያ የለም። ነርሱ ራሱ አጠገብ ቆሞ፣ ሰዓቱን እያየ፣ ደረት ከፍ ዝቅ ሲል አንድ ደቂቃ ሙሉ መቁጠር አለበት። እንግዲህ ይህችን አንድ ደቂቃ ነው ሰው የሚሰስታት። በር ላይ ቆሞ ሃያ ብሎ ይጽፋል። ጤነኛ ሰው የሚተነፍሰው ወደዚያው ስለሆነ ማንም ለምን አይልም። ሽማግሌው ሃያ፣ አራሷ ሃያ፣ ሳንባው የቆሰለው ሃያ። ነፍሱ ከወጣች ሁለት ሰዓት ያለፈው ሰውዬ ወረቀቱ ላይ በደቂቃ ሃያ ሲተነፍስ ይርጋነሽ በዓይኗ አይታለች። ታዲያ ብትጠላው ይፈረድባታል?

አሁን አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ተወልዳ ያደገችው ከቢቸና ወጣ ብሎ ነው። አባቷ መሪጌታ ገብረ ኪዳን የቅኔ መምህር ነበሩ። የሰው ቅኔ ተውሶ የመጣ ተማሪ ፊታቸው ሲቆም እስኪጨርስ ዝም ብለው ያዳምጡትና «የማንን ነው ያመጣህልኝ?» ይሉታል። ያ ልጅ የራሱን ይዞ እስኪመጣ ድረስ ከጓደኞቹ ጋር አይቀላቀልም። ይርጋነሽ ድጓም ቅኔም አልተማረችም፤ ቁጣውን ግን አንድም ሳይቀር ወርሳለች።

ነርስ ከሆነች በኋላ ሞጣ ውስጥ ባለ አንድ የእናቶች ሕክምና ማዕከል አሥራ አንድ ዓመት ሠራች። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ድንገት ለቅቃ ቢቸና ተመለሰችና አስተማሪ ሆነች። ለምን ለቀቅሽ ሲሏት «የሞጣ ብርድ አልተስማማኝም» ትላለች። ቢቸናና ሞጣ በብርድ ስንት ይበላለጡና ነው? ግን ከሷ ጋር የሚከራከር ሰው የለም።

የምታስተምርበት የግል ኮሌጅ ስሙን አልናገርም፤ ባለቤቶቹ ክስ ይወዳሉ። ሥሩ የብረታ ብረት መሸጫ ነው፤ ላይ ስለ ልብ ድምፅ ሲያስተምሩ ታች ቆርቆሮ ይቆረጣል። ዲኑ አቶ አምላኩ ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀል ነበር። አቶ አምላኩ የሚወደው ፐርሰንት ነው። ከተማሪዎቹ ስንት ፐርሰንቱ የብቃት ምዘናውን አለፈ፣ ስንት ፐርሰንቱ ክፍል ተገኘ። አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ለኮሌጁ አሥራ ሁለት ታብሌት የሰጠው ጊዜ ዕቃዎቹ ስምንት ወር ሙሉ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፈው ተቀመጡ። እንግዳ ሲመጣ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ፤ እንግዳ ሲሄድ ይቆለፋሉ። የላያቸው ላስቲክ እንኳ አልተላጠም ነበር።

ይርጋነሽ ይህን አይታ ብግን አለች። በየሳምንቱ ቢሮው እየገባች «አቶ አምላኩ፣ እነዚህ ዕቃዎች ለመቼ ነው የሚቀመጡት? ለተዝካራችን?» ስትለው፣ ሲመረው ቁልፉን ሰጣት።

ያሰበችው ነገር ነበራት። ከኮምፒውተር አስተማሪው ከዘመነ ጋር ተቀምጠው ታብሌቶቹ ውስጥ አምስት ታማሚዎች ፈጠሩ። ኢንተርኔት በየጊዜው ስለሚጠፋ ያለኢንተርኔት የሚሠራ አድርጎ ሠራላት። ተማሪው ታማሚውን ያያል፣ የሚያደርገውን ይመርጣል፤ ልክ ከሆነ ታማሚው ይሻለዋል፣ ከተሳሳተ እየባሰበት ይሄዳል። መጀመሪያ ለየጥያቄው ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብለው አማራጭ አስቀመጡ። ስህተታቸው ያ ነበር። በሦስተኛው ቀን ክፍሉ በሙሉ መቶ ከመቶ አመጣ። ልጆቹ ቴሌግራም ላይ «ሲስተር ይርጌን በሰላም ማለፊያ» የሚል ግሩፕ ከፍተው ለካ መልሱን ሲቀባበሉ ኖረዋል። ታማሚዋን ቀና ብሎ ያያት የለም። ሀ፣ ሐ፣ ለ፣ ለ፣ መ፤ ዳነች።

አቶ አምላኩ ውጤቱን አሳትሞ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈው። ይርጋነሽ ደርሳ ገነጠለችው።

«ምነው ሲስተር? መቶ ፐርሰንት እኮ ነው» አላት።

«መቶ ፐርሰንት ምን? መቶ ፐርሰንት ሌባ?»

ዘመነን ይዛ እንደገና ጀመረች። አሁን አማራጭ የለም። ታብሌቱ አንዲት የወለደች ሴት ብርድ ልብስ ተከናንባ ተኝታ በቪዲዮ ያሳያል፤ ከሥሩ ባዶ ሳጥን አለ፤ በደቂቃ ስንት ትተነፍሳለች? ከዚያ ሌላ ባዶ ሳጥን፤ ምን ታደርጋለህ፣ ለምን? የሚሞላው በራስ ቃል ነው፤ ዘመነ የጫነበት ፕሮግራም መልሱን እያነበበ ይፈርዳል። ተማሪው ሲዘገይ ሴትዮዋ ትደክማለች፤ አብዝቶ ከዘገየ ወይም ካልገባው ትሞታለች። ቪዲዮው ላይ የተኛችው ራሷ ይርጋነሽ ናት። ዘመነ ሰዓት ይዞ «ፍጠኚ ሲስተር፣ ሠላሳ አራት መሙላት አለብሽ» እያለ ሲያስተነፍሳት ራሷን አዙሯት ከአልጋው ልትወድቅ ነበር።

ሠላሳ አንድ ተማሪ ሠራው። ሃያ ስምንቱ ሃያ ብለው ሞሉ። ሁለቱ፣ ለየት ለማለት መሰለኝ፣ አሥራ ስምንት አሉ።

ይርጋነሽ ውጤቱን ይዛ ክፍል ስትገባ ወንበር የሚያንቀሳቅስ አልነበረም።

«ማነው የቆጠረ?» አለች።

ሁሉም ደብተር ደብተሩን አየ።

«እሺ፣ ሃያን ከየት አመጣችሁት? ሴትዮዋ ቁና ቁና ስትተነፍስ እያያችኋት፣ ከየት አመጣችሁት?»

የክፍሉ አለቃ ስጦታው ተነሳ። ጎበዝ የሚባል ልጅ ነው፤ የሸመደደው መጽሐፍ ብዛት ለጉድ ነው። «ሲስተር፣ ኖርማሉ ከአሥራ ሁለት እስከ ሃያ ነው ተብለን ነው የተማርነው» አላት።

«የጠየቅሁህ ኖርማሉን ነው? ሴትዮዋን ነው የጠየቅሁህ። አንተ ታመህ ብትተኛና እኔ በር ላይ ቆሜ ከመጽሐፍ ላይ ብገለብጥልህ ደስ ይልሃል? እናትህ ብትተኛስ?»

ልጁ ቁጭ አለ። እሷ ግን አልቆመችም። ያን ዕለት የተናገረችውን ሁሉ ብጽፈው ገጽ አይበቃም። ልጆቹ የምትጮኸው በነሱ ላይ ብቻ መስሏቸው አንገታቸውን ደፉ።

ሠላሳ አንደኛዋ ፍሬ ናት። ከየጁቤ የመጣች፣ ከኋላ የምትቀመጥ፣ ድምጿ የማይሰማ ልጅ፤ ውጤቷም ከመካከለኛ አያልፍም። ሳጥኑ ውስጥ ሠላሳ አራት ብላ ነበር የጻፈችው።

«አንቺስ ለምን ቆጠርሽ?» አለቻት ይርጋነሽ፣ ቁጣዋ ገና ሳይበርድ።

ፍሬ የተሳሳተች መሰላት። «ብርድ ልብሱ ቶሎ ቶሎ ሲነሳ አየሁት ሲስተር። ስንት እንደሆነ ስላላወቅሁ ቆጠርኩ።»

ስላላወቅሁ። ይርጋነሽ ዘጠኝ ዓመት ለማስተማር የለፋችው ይህንኑ ነበር። ሌሎቹ ሠላሳው ሳያዩ ያውቁ ነበር።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱ ያዘ። ዘመነ ቪዲዮውን እያፈጠነ እያዘገመ ቁጥሩን በየጊዜው ስለሚለዋውጠው ቴሌግራም ላይ የሚላክ መልስ ጠፋ። መጀመሪያ ተነጫነጩ፤ ቆይተው መጨቃጨቅ ጀመሩ። አንዱ «ደም ግፊቷ ገና አልወረደም፣ እንጠብቅ» ሲል ሌላዋ «ትንፋሿ ቀድሞ ጨምሯል፣ ምን እንጠብቃለን?» ትለዋለች። ስጦታው እንኳ አንድ ቀን ሳጥኑ ውስጥ «አላውቅም፣ ሐኪም እጠራለሁ፣ እስኪመጣ አጠገቧ ቆሜ እቆጥራለሁ» ብሎ ጻፈ። ይርጋነሽ አነበበችውና አንዲት ቃል ሳትናገር ወጣች። ደስ ሲላትም እንዲሁ ናት።

አቶ አምላኩ ዘንድ ግን ስሞታ ደረሰ። አንድ ተማሪ «ታማሚዋ ሰባት ጊዜ ሞተችብኝ፣ ሞራሌ ተነካ» ብሎ በጽሑፍ አመለከተ። ዲኑ ጠራት።

«ሲስተር፣ ታካሚዎቹ እንዳይሞቱ ማድረግ አይቻልም?»

«ይቻላል። ተማሪዎቹ ያስቡ።»

«እኔ እኮ የምጠየቀው በምዘናው ነው። ምዘናው ደግሞ ምርጫ ነው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ። ታብሌቶቹ ላይ ሁለት ሺህ የምዘና ጥያቄ ሊጫን ይችላል፤ ልጆቹ እሱን ይሸምድዱ። እርስዎ ሴት ሲገድሉ ነው የሚውሉት።»

ተጨቃጨቁ። መጨረሻ ላይ እንዲህ አላት፦ ተማሪዎቹ ለስድስት ሳምንት የተግባር ልምምድ ሞጣ ይሄዳሉ። ስድስቱ ሳምንት እስኪያልቅ ታብሌቶቹ እርስዎ ዘንድ ይቆዩ። የተማሩት ነገር ጥቅም ካለው እዚያ ይታያል። ከሚለማመዱበት ማዕከል አንድ ስሞታ ብትመጣ ግን፣ አንዲት ብቻ፣ ቁልፉን ይመልሳሉ፤ ይህ ትምህርት ያበቃል። ይርጋነሽ እሺ አለች። ሌላ ምን ትበል?

ወደ ሞጣ ሲሄዱ መንገዱ ያን ሰሞን እየተከፈተ እየተዘጋ ነበር፤ ደብረ ወርቅ ላይ ግማሽ ቀን ቆመው ዋሉ። የሚሠሩበት ያው እሷ የለቀቀችው ማዕከል ነበር። የዋርዱ ኃላፊ ደግሞ የድሮ ጓደኛዋ ሲስተር አመተ ሥላሴ ናት። አቅፋ ሳመቻት። «ይርጌ፣ ተማሪ ይዘሽ መጣሽብን? ግን አደራ፣ እንደ ድሮሽ ነገር እንዳታበዢ» አለቻት። ይርጋነሽ ሳቀች፤ ሳቋ ከአንገት በላይ ነበር። ልጆቹን ሰብስባ «የምታዩትን እዩ፤ ለኔ ንገሩኝ። ከነርሶቹ ጋር አፍ እንዳትካፈቱ» ብላ አስጠነቀቀች። እሷ ብሎ አስጠንቃቂ። በሕይወቷ አፍ ሳትካፈት የዋለችበት ቀን ያለ ይመስል።

አራት ሳምንት በሰላም አለፈ። በአምስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ረፋድ ላይ ይርጋነሽ ኮሪደሩ ላይ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ቆማ ሳለ ፍሬ መጣች።

«ሲስተር፣ ሰባት ቁጥር ያለችው ሠላሳ ስምንት ናት።»

«ሙቀቷ ነው?»

«ትንፋሿ። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት። ወረቀቷ ላይ ሃያ ነው የሚለው።»

እውነቱን ልናገር፤ የይርጋነሽ የመጀመሪያ ሐሳብ ሰባት ቁጥር ላይ ስለተኛችው ሴት አልነበረም። አቶ አምላኩ ነው ፊቷ ድቅን ያለው። አንዲት ስሞታ። ወዲያው በራሷ ተናደደችና ፈጥና ሄደች።

ሴትዮዋ ሀብትነሽ ትባላለች። በኦፕሬሽን ከወለደች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ባሏ ራስጌዋ ተቀምጧል። ወረቀቱን ይርጋነሽ አየችው፤ ጠዋት ሃያ፣ ትናንት ማታ ሃያ፣ ትናንት ቀትር ሃያ፣ ከወለደችበት ሰዓት ጀምሮ ሃያ። ከመጨረሻው ሃያ ጎን ፍሬ በእስክሪብቶ «38፣ ፍሬ፣ ተማሪ» ብላ ጽፋለች። ይርጋነሽ ሰዓቷን ገልጣ ራሷ ቆጠረች። አንድ ደቂቃ ሙሉ። ሠላሳ ስምንት። የሴትዮዋ እጅ በረዶ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነችው?» ብላ ባሏን ጠየቀችው።

«ከትናንት ጀምሮ እንዲህ ናት እቴ። ብንነግራቸው ኦፕሬሽን ስለሆነ ነው፣ ይለቃታል አሉን።»

አመተ ሥላሴ ደረሰች። መጀመሪያ ያየችው ሴትዮዋን አይደለም፤ የፍሬን ጽሑፍ ነው። «ቻርቴን ማነው ያበላሸው?» አለች።

«ዶክተሩን ጥሪው» አለች ይርጋነሽ።

«ይርጌ፣ ስታለቅስ ስለቆየች ነው። ትኩሳት እንኳ የላትም። ተማሪ በጻፈው ዶክተር ይጠራል እንዴ? አንቺም ታውቂዋለሽ እኮ ይሄን ሥራ።»

«አውቀዋለሁ። አውቀዋለሁ እኮ ነው የምልሽ፤ ጥሪው!»

አልጠራችውም። ይርጋነሽ ራሷ ዶክተሩን ሻይ ከሚጠጣበት ሄዳ አመጣችው። ዶክተሩ ፋሻውን ሲፈታው መግሉ ፈሰሰ። ኢንፌክሽኑ ወደ ደሟ ገብቶ ነበር። መድኃኒቱም ግሉኮሱም ተያያዘላት፤ ከሰዓት በኋላ አምቡላንስ ተገኝቶ ወደ ባሕር ዳር ተላከች። ዶክተሩ በር ላይ ቆሞ «እስከ ማታ ብትቆይ አናገኛትም ነበር» አለ። በዚያው ሳምንት ባሏ ደውሎ ዓይኗን መግለጧን፣ ልጇንም ማጥባቷን ነገራቸው። ልጆቹ ፍሬን አንስተው ሊሸከሟት ምንም አልቀራቸውም። ይርጋነሽ ግን ተረጋግታ አልተኛችም፤ አመተ ሥላሴ ዝም ያለችው አልጣማትም።

አርብ ዕለት አቶ አምላኩ ደወለላት፤ ተማሪዋን ይዘው በአስቸኳይ ቢቸና ይምጡ አለ።

ቢሮው ሲገቡ ደብዳቤው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ፍሬ የምትባል ተማሪ ያለፈቃድ የታካሚ መዝገብ ላይ በመጻፍ፣ የታካሚ ቤተሰብ በማስደንገጥና የማዕከሉን ስም በማጉደፍ ጥፋት ፈጽማለች ይላል። ባለሙያዎቻችን የታካሚዋን ሁኔታ ከመጀመሪያው ጀምሮ በቅርብ ሲከታተሉ እንደነበር ከዚህ ጋር የተያያዘው ቅጂ ያስረዳል ይላል።

ይርጋነሽ የተያያዘውን ገለጠችው። የሀብትነሽ የክትትል ወረቀት ነው፤ ያ ያየችው ወረቀት ግን አይደለም። አዲስ፣ ንጹሕ፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ የተጻፈ። የፍሬ ሠላሳ ስምንት የለበትም። የትንፋሹ መስመር ላይ ሃያ፣ ሃያ አራት፣ ሃያ ስምንት፣ ሠላሳ ሁለት፣ ሠላሳ ስድስት ይላል። ከሥሩ ፊርማ። ለሚያየው ሰው፣ እነዚህ ነርሶች ዓይናቸውን ከሴትዮዋ ላይ ነቅለው አያውቁም። ዓይናቸውን በጨው አጥበው የሚዋሹ ሰዎች ይርጋነሽን አጋጥመዋት ያውቃሉ፤ ይህን ግን ቁጥር በቁጥር እንደገና አነበበችው።

«አዩት?» አለ ዲኑ። «አውቀውታል እኮ። ልጅቷ የደረሰችው ከሁሉም በኋላ ነው።»

«ውሸት ነው። እኔ አይቼዋለሁ ወረቀቱን፤ ሁሉም ሃያ ነበር።»

«እርስዎ አዩ። ወረቀቱ ደግሞ ይሄው። እኔ በምን ልከራከር?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሲስተር፣ ይህ ማዕከል ካኮረፈን ልጆቹን የምንልክበት ሌላ ቦታ የለም። እኔ ነገሩን አብርጄዋለሁ። ፍሬ ይህችን ይቅርታ ትፈርም። ባልተጣራ ቁጥር መዝገብ በማበላሸቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ ነው የሚለው፤ ሁለት መስመር ነው። ከፈረመች ልምምዷን ትጨርሳለች፣ ከጓደኞቿ ጋር ትመረቃለች። እርስዎም ታብሌቶችዎን ይዘው ይቀጥላሉ፤ ስሞታው እንዳልመጣ እቆጥረዋለሁ። የሚቀጥለውም ዓመት የእርስዎ ነው። ካልፈረመች ስድስቱን ሳምንት ትደግማለች፤ የት እንደምትደግም እኔ አላውቅም። ቁልፉንም እቀበላለሁ።»

ወረቀቱን ወደ ፍሬ ገፋው፤ እስክሪብቶ ደረበበት።

ይርጋነሽ ዝም አለች። ለምን ዝም እንዳለች ልንገራችሁ፤ እንድትፈርም ፈልጋ ነው። ሁለት መስመር ናት። ሀብትነሽ እንደሆነች ድናለች። በሚቀጥለው ዓመት አርባ ተማሪ ይገባል፤ አርባ ሰው መቁጠር ይማራል፤ ከዚያ ሌላ አርባ። በሁለት መስመር ውሸት ስንት ሴት ይድናል? ይህን ሁሉ በልቧ እያሰላች ፍሬን ቀና ብላ ማየት አቃታት። ራሷን ጠላችው፤ ግን ዝም አለች።

ፍሬ እስክሪብቶውን አነሳች። ወረቀቱን አነበበችው። አቶ አምላኩን አላየችም፤ ወደ ይርጋነሽ ዞረች።

«ሲስተር፣ እርስዎ ቢሆኑ ይፈርሙ ነበር?»

ልጅቷ ለነገር አልጠየቀችም። ስለማታውቅ ነው የጠየቀችው። ይርጋነሽ አሁን ቀና አለች።

«ፈርሜያለሁ» አለች።

አቶ አምላኩ ወንበሩ ላይ ተንቀሳቀሰ።

«ከዘጠኝ ዓመት በፊት። እዚያው ማዕከል፣ እዚያው ክፍል። ንጋት ምንይሉ ትባላለች፤ የመጀመሪያ ልጇ ነበር። ጠዋት በር ላይ ቆሜ ሃያ ጻፍኩላት። ቀትር ላይም ሃያ ጻፍኩላት። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሞተች። በማግስቱ ቤተሰቦቿ ሊከሱ ነው ሲባል አመተ ሥላሴ ባዶ ወረቀት ይዛ መጣች፤ ሃያውን ሁሉ ሃያ አራት አድርገሽ ገልብጪው አለችኝ። አይሆንም አልኳት። አይሆንም ያልኳት ግን ውሸት ስለሆነ አይደለም። ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ ያስነቃል፣ ቀስ እያለ ይውጣ፣ ስንከታተላት የነበረ ያስመስላል አልኳት። ሃያ፣ ሃያ አራት፣ ሃያ ስምንት፣ ሠላሳ ሁለት። በራሴ እጅ ጽፌ ፈረምኩ። አባቷ ወረቀቱን ሲያሳዩአቸው አለቀሱ፤ እናንተማ ለፍታችኋል ልጆቼ ብለው መረቁን።»

ጣቷን ከደብዳቤው ጋር በተያያዘው ቅጂ ላይ አሳረፈች፤ ከሃያ ወደ ሠላሳ ስድስት በሚወጣው መስመር ላይ።

«አመተ ሥላሴ ይህን ከየት አመጣችው ትላላችሁ? ከኔ ነው የተማረችው።»

አቶ አምላኩ ደብዳቤውን ከነቅጂው አጥፎ ወደ ራሱ ሳበው። «ሲስተር፣ ይህን እኔ አልሰማሁም። እርስዎም አልተናገሩም።»

ፍሬ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «አልፈርምም» አለች፤ ድምፅ የላትም የተባለችው ልጅ። «ሠላሳ ስምንት ነበር።»

አቶ አምላኩ ተንፍሶ እጁን ዘረጋ። ይርጋነሽ የቁምሳጥኑን ቁልፍ ከቦርሳዋ አውጥታ መዳፉ ላይ አኖረችለት። ከዚያ ያልተፈረመውን ወረቀት ወደ ራሷ ሳበችና ገለበጠችው፤ ፍሬ ያስቀመጠችውን እስክሪብቶ አንስታ ባዶው ገጽ አናት ላይ ንጋት ምንይሉ ብላ ጻፈች። ከሥሩ ቀኑን፣ ከዚያ የአልጋውን ቁጥር።

«የሙያ ፈቃድዎን ይነጥቁዎታል እኮ» አላት ዲኑ።

«አውቃለሁ» አለችና መጻፏን ቀጠለች።